ቀለም የደፈናቸው ቀዳዳዎች

ሬሳው በሸራ ተሸፍኖ ከፕላስቲክ መፍጫ ማሽኑ ሥር ተጋድሟል። ከጎኑ ሰማያዊ የብረት መከለያ፣ አራት ብሎኖችና አንድ መፍቻ ወድቀዋል።

«ራሱ ነው የፈታው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ። «የተቀረቀረ ፕላስቲክ ላውጣ ብሎ መከለያውን ፈታ፤ ክንዱን ሰደደ፤ አለቀ። ስንቴ መከርነው!»

የሥራ ደኅንነት መርማሪዋ አልፋው ወደ ማሽኑ ሄደች። የፋብሪካ ባለቤቶች ከጀርባዋ «መርፌ» ይሏታል። በርከክ ብላ መፍቻውን በብሎኑ ላይ ሞከረችው፤ አልገባም። ከዚያ መከለያው የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገች። ጥፍሯ አረንጓዴ ሆነ።

ፎርማኑን በልብስ መቀየሪያው ክፍል አገኘችው።

«ማሽኑን ያስነሳኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እጁን ያወጣ መስሎኝ።»

«መከለያውን ሲፈታ አይተኸዋል?»

«እሱ ነው የፈታው ተባለ…»

«ተባለ ወይስ አየህ?»

«ተባለ» አለ ፎርማኑ።

መካኒኩን ደግሞ ከደጅ ጠራችው። «ማሽኑ መቼ ነው ቀለም የተቀባው?»

«ስምንት ወር ሆነው።»

«ሟቹስ መቼ ተቀጠረ?»

«ሦስት ወሩ ነው፣ ምስኪን።»

«ከማሽን የተፈታ ዕቃ የሚቀመጥበትን ግምጃ ቤት ማን ይከፍታል?»

«ቁልፉ ከሥራ አስኪያጁ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።»

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ማሽኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ታላቅ እህትም መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ይህ መፍቻ እነዚህን ብሎኖች አይፈታም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ሌላ ሰው ነው እዚህ ያስቀመጠው። ማሽኑ አረንጓዴ፣ መከለያው ሰማያዊ ነው። ቀለሙ የብሎን ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ማሽኑ ሲቀባ መከለያው በቦታው አልነበረም ማለት ነው። ይህ ልጅ ደግሞ ያኔ የዚህን ግቢ በር እንኳ አያውቅም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ግምጃ ቤት የከረመ ብረት ዛሬ በእግሩ አልመጣም።»

ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«እሳቸው ናቸው ያመጡት!» አለ ፎርማኑ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ!»

መካኒኩም ተነፈሰ። «መከለያው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ መስመር ነበረው። ማሽኑ በተቀረቀረ ቁጥር ብሎን እየፈታችሁ ሥራ አስቆማችሁ ብለው መከለያውን አስነሱኝ፤ መስመሩንም ያለ መከለያው እንዲሠራ በቀጥታ አስቀጠሉኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ።»

«እንግዲያው እሱን ክሰሱት!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በእጁ የሠራው እሱ ነው።»

«እሱም ይጠየቃል። ነገር ግን ሕጉ የሠራውን እጅ ብቻ አይቶ አያልፍም። ድርጅቱ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ፍርድ ቤት ይቆማል። እርስዎም ይህን በማዘዝዎ፣ ማስረጃም በማዛባትዎ በግልዎ ይጠየቃሉ። ማሽኑ ከአሁን ጀምሮ ታሽጓል።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ፤ ማንም አላቀረበለትም።

እህትየው ከግድግዳው ተላቀቀች። «ጥፋቱ የወንድሜ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም፣ እህቴ።»

«ጠዋት ለእናቴ ደውዬ…» አለች። «በራሱ ችኮላ ነው የሞተው ብዬ ነገርኳት። እነሱ እንዲያ ስላሉኝ። ይሄኔ ሙት ልጇን እየተቆጣች ነው የምታለቅሰው።»

ስልኳን አወጣች። ከመደወሏ በፊት እንባዋን ጠረገች፤ ይህን በደንብ አጥርታ መናገር ነበረባት።