የስለቱ ሰም

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን፣ ላስታ ጉም ለብሶ ነበር፤ ከአሸተን ተራራ ግርጌ እስከ ነአኩቶ ለአብ ቁልቁለት ድረስ ዐይን የሚያርፍበት አልነበረም፤ ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል፤ ወንዙ ደፍርሶ ይጮኻል። ክረምቱስ ክረምት ነው፤ ላስታ ክረምት ፈርቶ አያውቅም። በዚያ ዓመት ሰውን ያስፈራው ከጋሸና በኩል የሚመጣው ድምፅ ነበር፤ ነጎድጓድ ነው ሲሉት መድፍ ይሆናል፤ መድፍ ነው ብለው ሲሮጡ ነጎድጓድ ይሆናል። ሰዉ ጆሮ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ማዶ ባለች አንዲት መንደር ዘመኑ የሚባል ጎልማሳ ከሚስቱ ከባንቺዓለምና ከአማቱ ከእመት ይማርሽ ጋር ይኖር ነበር። ደጉ ዘመን ሳለ ይህ ሰው እንግዶችን ተራራ ለተራራ ከሚያዞር አንድ ድርጅት ዘንድ ድንኳን የሚተክል፣ የሚነቅልና የሚጠብቅ ነበር፤ ጓደኞቹ በቀልድ «የድንኳን ሹም» ይሉት ነበር። ኋላ በሽታው መጥቶ ዓለምን ሲዘጋ እንግዳው ቀረ፤ ድርጅቱም ተበተነ፤ ለሹሙም መታሰቢያ ይሁንህ ብለው እንግዶች ምሳ የሚበሉበትን ትልቅ የጥጥ ሸራ ሰጡት። እሱም እንደ ልጅ ያዘው። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፋል፤ ጭቃ ከነካው በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ያብሳል፤ ሳይደርቅ አያጥፈውም፤ ክረምት ከመግባቱም አስቀድሞ ሰም ያጠጣዋል፤ ሰም የጠጣ ሸራ ውሃ አያስገባምና።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው ከንጽሕና ነው፤ ወይ ጉድ በሉ! እመት ይማርሽ እድፍ የማይወዱ ሴት ነበሩ፤ በሰሙነ ሕማማት የቤቱን ጨርቅ ሁሉ ሳያጥቡ ፋሲካን አይቀበሉም። በዚያ ዓመት ዘመኑ ጋሸና ሄዶ ከከባድ መኪና ላይ ጭነት ሲያራግፍ፣ እሳቸው ሸራውን ከተሰቀለበት አወረዱት፤ የአማቻቸውን ንብረት አሳምረው ሊጠብቁት ፈልገው እንዶድ ወቅጠው፣ ውሃ አሙቀው፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ዘፍዝፈው በእግራቸው ረገጡት። አረፋው ወንዙን ሞላው። ዘመኑ ለበዓሉ ሲመለስ ሸራው እንደ አዲስ ነጠላ ነጥቶ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አገኘው፤ እጁን ቢያሳርፍበት ሰሙ የለም፤ እንዶዱ አጥቦ ወስዶታል።

እመት ይማርሽ ከደጃፍ ቆመው «እህ፣ እንዴት ነው? አማረልህ?» አሉት በኩራት።

«እጅዎ ይባረክ፣ እማማ» አለ፤ ሌላ ምን ይበል? በዚያ አገር አማች አማቱን «አጠፉ» አይልም፤ ቢል አፉ የሚጣመም ይመስለዋል። ቆይቼ ሰም እገዛለሁ ብሎ ዋጠው። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያው ጠፋ፤ ሰምም ላስቲክም የሚሸጥ ሰው አልተገኘም፤ ባንቺዓለምም የመውለጃዋ ወር ገባ።

እንዲህ ባለ ቀን ነው መምሬ ኢያቄም፣ የደብሯ ማርያም አገልጋይ፣ የመንደሩን ሰው ከዋርካው ሥር ሰብስበው የተናገሩት። «ጦር ወደዚህ እየመጣ ነው ይባላል፤ አቅም ያለው ወደ ገደሉ ዋሻ ይውረድ፤ እሳት አይታይበት፤ ልጅ አይጮኽበት። እኔ ታቦቱን ትቼ የትም አልሄድም» አሉ። ዘመኑ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሸራውን ጫፍ ጎትቶ አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰሰበት፤ ውሃው በወንፊት እንደሚያልፍ ቁልቁል ወረደ። ባንቺዓለም ከመደቡ ላይ ሆና ታየዋለች።

«ያፈሳል?» አለች ቀስ ብላ።

«ያፈሳል። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ።»

የወረዱበት ዋሻ ጠባብ ነበር፤ ከአፉ ፊት ለፊት፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ወደ ከተማ የሚወጣው የበቅሎ መንገድ ይታያል። የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ጣሪያው ሲንጠባጠብ ጠበል ነው፤ ሰው ተሳልሞ ይቀበለዋል። የዚህኛው ጣሪያ ግን በረዶ የመሰለ ውሃ ያለ በረከት ያዘንባል፤ ከአንዱ ጥግ ሲሸሹት በሌላው ይመጣል። ሌሎቹ የመንደሩ ሰዎች በየፊናቸው ሌላ ሌላ ዋሻ ተሸሽገዋል፤ ለእነዚህ ሦስቱ የደረሳቸው ይኸው ነው። ባንቺዓለም ወገቧን ይዛ ተቀመጠች። በዚህ ብርድ ላይ ራቁቱን የሚመጣ ሕፃን እርጥብ ካገኘው አያድርም፤ ይህን ሦስቱም ያውቃሉ።

«ሸራውን ስቀለው እንጂ ልጄ! ምን ትጠብቃለህ?» አሉ እመት ይማርሽ።

«ትንሽ ይቆይ፣ እማማ።»

«ምኑ ነው የሚቆየው? ልጄ ምጥ ሊይዛት እኮ ነው!»

ዘመኑ የሸራውን ገመድ ይፈታል፤ መልሶ ይቋጥራል። በመጨረሻ ባንቺዓለም አልቻለችም፤ «እማዬ፣ ሸራው ያፈሳል» አለች። «በእንዶድ ያጠብሽው ጊዜ ሰሙ ለቋል። እሱ አፍሮሽ ነው ዝም ያለው።»

እመት ይማርሽ ወደ ሸራው ቀረቡ። አንዴ ሸራውን፣ አንዴ አማቻቸውን አዩ። «ከፋሲካ ጀምሮ ታውቃለህ?»

«እንዴት ብዬ ለእርስዎ እንዲህ እላለሁ፣ እማማ…»

«አዬ ልጄ! አክብረህ ልትፈጀን ነው እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ሊል ሲል መድፉ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያም ዝግ ባለ ቃል «ምን ይመልሰዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሰም» አለ ዘመኑ፤ ይህን ብሎም ዐይኑን ከእመት ይማርሽ ጥቅል ላይ አሸሸ።

በጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ ሦስቱም ያውቃሉ። ባንቺዓለም ማሕፀኗ ተዘግቶ ብዙ ዘመን ባዘነች ጊዜ እናትዮዋ ለደብሯ ማርያም ተስለው ነበር፤ ልጄ ብትፀንስ ለፍልሰታ ፍቺ የሚበራ የጧፍ ሰም አገባለሁ ብለው። ባንቺዓለምም ፀነሰች። ከዚያ ወዲያ እመት ይማርሽ ማር ከሚቆርጠው ሁሉ ሰፈፍ ለምነው፣ አቅልጠው፣ አጥልለው፣ እንደ ድቡልቡል ዳቦ የሆነ ቢጫ ሰም አበጁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አኖሩት። ቤታቸውን ሲለቁ እህሉን ትተው እሱን ይዘዋል። ስለት የበላ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተው ያደጉ ናቸው፤ መቅሠፍቱ በራስ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ወደ ልጅ ይሻገራል። ጠብመንጃ ያስፈራቸዋል፤ ይህ ግን ከጠብመንጃ ይብስባቸዋል። ፈቃድ እንዳይጠይቁ መምሬ ኢያቄም ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ናቸው፤ መንገዱም አይሞከርም።

ከጣሪያው አንድ ጠብታ ወርዶ ባንቺዓለም ሆድ ላይ አረፈ። እመት ይማርሽ በመዳፋቸው ጠረጉት፤ ሌላ ወረደ፤ ያንንም ጠረጉት። ከዚያ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ደብሩ አቅጣጫ አዙረው ሰሙን ከጨርቁ አወጡ። «እመቤቴ፣ የተሳልኩልሽ ስለ ልጅ ነው፤ ልጁ ከሞተ ይህን ሰም ታቅፌ ምን ብዬ ፊትሽ እቆማለሁ? ከቀጣሽም እኔን አሮጊቷን ቅጪ፤ ሕፃኑን አትንኪብኝ» አሉ። ሰሙን ለዘመኑ ሰጡት፤ ፊታቸውን ግን አልመለሱም።

እሳት ግድ ነው። ዘመኑ ጉሙ ሸለቆውን እስኪሞላው ጠበቀ፤ ማዶው ሲጠፋ ከዋሻው ጓዳ ደረቅ የወይራ ጭራሮ ለኮሰ፤ በአንዲት ድስት ሰሙን ይዘውት ከወረዱት ጥቂት የኑግ ዘይት ጋር አቀለጠው፤ ሰም ብቻውን ሲታጠፍ ይሰነጠቃልና ዘይት ያላላዋል። ሸራውን ደረቅ በሆነው ድንጋይ ላይ ዘረጋው፤ በጨርቅ እየነከረ ከመሐል ወደ ዳር ቀባ፤ በእሳት የሞቀ ለስላሳ ድንጋይም እያሳለፈበት ሰሙ ወደ ድሩ እንዲሰርግ አደረገ፤ በስፌቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ ውሃ መጀመሪያ የሚገባው በስፌት ነውና። እመት ይማርሽም ከኋላው ሆነው ያሹ ጀመር። ዋሻው ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ፤ ይህ ሽታ እሳቸውን ይበልጥ አስፈራቸው።

ግማሹን እንደ ጨረሱ ጉሙ ተነሣ።

እንዲህ በድንገት ነው የላስታ ጉም፤ ማዶው ግልጥ አለ፤ በበቅሎው መንገድ ላይም ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ተሰልፈው ሲወጡ ታዩ። የማን ወገን እንደሆኑ ከዚያ ርቀት ማን ይለያል? ጠብመንጃ ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው። እመት ይማርሽ ውሃ አንሥተው እሳቱ ላይ ሊደፉ ሲሉ ዘመኑ ክንዳቸውን ያዘ፤ አማቱን በእጁ ሲነካ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። «አይሆንም! ጢሱ ይብሳል፤ አፈር!» አለ። በእጃቸው አፈር እየዛቁ እሳቱን ቀበሩት፤ የመጨረሻዋ ቀጭን ጢስ ግን ከዋሻው አፍ ወጥታ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ማዶ ከሰዎቹ አንዱ ቆመ። ፊቱን ወደዚህ አዞረ። ባንቺዓለምን በዚህ መሐል ምጡ አጣደፋት፤ የነጠላዋን ጫፍ ጎርሳ ነከሰች፤ እንባዋ ይወርዳል እንጂ ድምፅ አልወጣትም። ሰውዬው እንደ ቆመ ነው፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ያያል፤ ያያል። ያየውን አይቶ ይሁን ምንም ሳያይ፣ ማንም አያውቅም፤ መንገዱን ቀጠለ። ጉሙም ተመልሶ ወረደ።

እሳቱን ደግመው ለመለኮስ ድፍረት ያገኘ አልነበረም። የቀረውን ሰም በመዳፋቸው እያሞቁ በደረቁ ፈተጉት፤ የእመት ይማርሽ እጅ ቆዳው ተላጠ። ሸራውን ከድንጋዩ ስንጥቅ አስረው ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ሰቀሉት። የመጀመሪያው ጠብታ አረፈበት፤ ቆመ፤ ክብ ሆኖ ቁልቁል ተንከባለለና ከባንቺዓለም ወዲያ ወደቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ዘመኑ ያን ጊዜ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ እመት ይማርሽ ግን አላለቀሱም፤ እጃቸውን በውሃ ታጥበው የልጃቸውን ጉልበት ያዙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች። ስትጮኽ ሦስቱም ወደ ማዶው አዩ፤ ማዶው ጉም ነበር።

ሕፃኗ ደረቅ ሆና አደረች። የፍልሰታ ፍቺም እዚያው ዋሻ ውስጥ ሳሉ አለፈ፤ ደወል አልሰሙም። በማዶው መንገድ የሚያልፈው ጦር ቀለል ሲል ወደ ቤታቸው ወጡ፤ የእመት ይማርሽ ፍርሃት ግን አብሯቸው ወጣ። ሕፃኗ ባስነጠሰች ቁጥር «ይኸው መጣ» ይላሉ፤ ጡት እምቢ ያለች ቀን እህል አልቀመሱም፤ በእንቅልፏ ውስጥ እስትንፋሷን ለመስማት ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ያኖራሉ። ክርስትና ሳትነሣ ትወሰዳለች ብለው ቆርጠዋል። ለማንም አልተናገሩትም።

ሰማንያው ቀን ሲሞላ ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ቢሆንም ልጅቱ በደብሯ ማርያም ክርስትና ተነሣች። እመት ይማርሽ ያን ዕለት ጀርባቸው ላይ ትልቅ ጥቅል አዝለው መጡ። ሥርዓቱ ካበቃ በኋላ መምሬ ኢያቄም ፊት አወረዱት፤ ሸራው ነበር።

«አባቴ፣ ስለት በልቻለሁ» አሉ፤ ሁሉንም ነገሯቸው። «ሰሙ እዚህ ውስጥ ነው፤ ላወጣው ብል አልወጣ አለኝ። እንዳለ ይቀበሉኝና ከልጄ ላይ ይነሣልኝ።»

መምሬ ኢያቄም ሸራውን ዘርግተው አዩት፤ አሸተቱት፤ ከዚያ እናቷ እቅፍ ውስጥ ያለችውን ሕፃን አዩ። «ከዚህ ሥር ነው የተወለደችው?»

«አዎን፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ሰሙ በርቷል» አሉ። ሸራውን ራሳቸው አጥፈው ትከሻቸው ላይ ጫኑላቸው። «ይዘው ይመለሱ፤ ክረምት ደግሞ ይመጣል።»

እመት ይማርሽ በዚያ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

የዚያን ዘመን ነገር የሚጽፉ ሰዎች ከተማይቱ በየትኛው ቀን እንደተያዘች፣ በየትኛው ቀን እንደተለቀቀች ይጽፋሉ፤ መጻፉም ይገባል። የትኛው ጦር በየትኛው መንገድ እንደወጣ ይመዘገባል፤ ከማዶ ቆሞ ወደ ዋሻው ያየ ሰው፣ አንድ ሸራና አንድ ድቡልቡል ሰም ግን ከታሪክ ውጭ ቀርተዋል። ሕፃኗ ስታድግ ምን እንደሚነግሯት እናቷና አባቷ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

አሁን በየዓመቱ፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ዘመኑ ሸራውን ከደጃፉ ዘርግቶ ሰም ያጠጣዋል፤ «እማማ፣ እንዶዱን ይደብቁልኝ» ይላል፤ እሳቸውም «አሁን ገና አፍ አወጣ!» ብለው ይስቁበታል። ልጅቱ በጣሳ ውሃ ታፈስበታለች፤ ጠብታው ሲንከባለል ታጨበጭባለች። ከጋሸና በኩል ሰማዩ ያጉረመረመ እንደሆነ ግን የሦስቱም እጅ ሸራው ላይ ይቆማል፤ ነጎድጓድ መሆኑን እስኪያውቁ ድረስ ጆሮ ብቻ ይሆናሉ፤ ልጅቱ ብቻ ውሃዋን ማፍሰስ ትቀጥላለች።