ዘጠነኛዋ ሰንጢ

ወዳጄ፣ የሟርትና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ስቄ የምነሳ ሰው ነበርኩ፣ አሁንም አምናለሁ አልልህም፣ የሆነውን ብቻ እንደሆነ እነግርሃለሁ። ወረታ ከተማ ሬዲዮና ሞባይል እየጠገንኩ ነው የምኖረው፣ ሙያውንም እየፈታሁ እየገጠምኩ በራሴ ነው የተማርኩት፣ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በእጅ የተሠሩ ታጣፊ ሰንጢዎች እሰበስባለሁ፤ ስምንት ነበሩኝ፣ አንዳቸውም ሽንኩርት እንኳ ቆርጠው አያውቁም።

ዘጠነኛዋን ቁሐር ሚካኤል ያሉት ብረት ቀጥቃጩ ባለእጅ አያ ታረቀኝ ሠሩልኝ። ስለቷ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ብረት፣ እጀታዋ ከፎገራ በሬ ቀንድ፣ ስትታጠፍ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት የላትም፣ እመነኝ ሞክሬዋለሁ። ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጡምና መሬት ላይ አስቀመጡልኝ።

«ቤትህ ስትገባ በገዛ እጅህ ሎሚ ቁረጥባት፣ እሷ ሎሚውን ሳትቀምስ እንዳታስቀምጣት፣ ስለት መጀመሪያ የቀመሰውን አይለቅም።»

«እሺ አያ» አልኳቸው፣ ግን አልቆረጥኩም፣ መስታወት የመሰለ ስለት በሎሚ ላበላሽ?

በሦስተኛው ቀን እናቴ ክር ልትበጥስ ሳጥኔን ከፍታ እሷኑ አነሳች፣ አውራ ጣቷን ጫር አደረገቻት። «ኧረ ይቺስ ትናከሳለች!» ብላ ስቃ ደሟን ጠረገች።

በማግስቱ ስለቷን የስፌት መኪና ዘይት ስቀባ እናቴ ከጓዳ፣ «እጄን ምን አረጠበው?» አለች። ስለቷን በጨርቅ ጠረግኳት፣ «እሰይ፣ ደረቀ» አለች ለራሷ። በጥፍሬ አንዴ ነካ አደረግኳት፣ ጓዳ ውስጥ ከእናቴ እጅ ዕቃ ወደቀ። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ወደ አያ ታረቀኝ ተመለስኩ፣ ክረምት ነውና በሩዙ ማሳ መሃል ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ስነግራቸው አልሳቁም።

«ሎሚውስ?»

«አልቆረጥኩም» ብዬ ሰንጢዋን መሬት ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«እንግዲህ አግሎ መቀጥቀጥ ነው፣ ቅርጿን ስታጣ እናትህን ትተዋት ይሆናል» ብለው ስለቷን ከእጀታዋ ነቀሉ፣ በጉጠት ይዘው ከሰሉ ውስጥ አስገቧት፣ ወናፉ ጥቂት እንደተነፈሰ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ወንድምጋሼ፣ ድረስ! እማዬ እጄ ተቃጠለ እያለች ትጮኻለች፣ እሳት እኮ አጠገቧ የለም!»

«ያውጧት!» ብዬ ስጮህ አያ ታረቀኝ ቀድመው አውጥተዋት ነበር። ውሃ ልንነክራት ፈራን፣ በራሷ እስክትበርድ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። እጀታዋን ቀስ ብለው መልሰው ገጠሙና፣ «ውሰዳት ልጄ፣ ከዚህ በላይ እኔም አላውቅ» አሉኝ። ቤት ስደርስ የእናቴ መዳፍ ቀልቶ ነበር።

ይኸው፣ መሸጥ አልችልም፣ መስበር አልችልም፣ ርብ ወንዝ ብወረውራት እናቴ ምን እንደምትሆን አላውቅም። ቤታችን ደግሞ በክረምት እርጥበት ይበዛበታል፣ ዛሬ ጠዋት ስለቷ ጫፍ ላይ ጤፍ የምታክል ዝገት አየሁ። እናቴ ቁርስ ስታቀርብልኝ የእጇን ጀርባ አሳየችኝ፣ «ይቺ ነጥብ ደግሞ መቼ ወጣችብኝ?»

ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ዝገቱን ብፈትገው ያማታል፣ ብተወው ይሰፋል፣ እሷ ጓዳ ውስጥ እያንጎራጎረች ሩዝ ትለቅማለች።