ስንጥቁን የለካች ጣት

ጡንቻው የሚሉት ልጅ ወፍራሙን ሽብልቅ ከሣጥኑ አንስቶ መታጠቂያው ላይ ሲያንጠለጥል፣ ሚጢጢ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። እሰይ! ይበለው! እስካሁን ካነሳቸው አምስት ሽብልቆች አራቱ የተሳሳቱ ናቸው።

ሁለቱም የዓለት መውጣት ክበብ አባላት ናቸው። የዛሬው ዓለት ግን በባዶ እጅ አይሞከርም፤ ስንጥቁ ጣት እንኳ በወጉ አያስገባም። ስለዚህ የብረት ሽብልቅ በመዶሻ እየመቱ ይሰካሉ፣ የገመድ መሰላል ያንጠለጥሉበታል፣ እሱን ረግጠው ቀጣዩን ይመታሉ። ሽብልቁ ከስንጥቁ ጋር ካልተስማማ ግን ጉድ ፈላ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ሚጢጢ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ከላይ በገመድ ተንጠልጥላ ስንጥቁን ስትለካ የከረመችው። ገመዱን የያዘላት የልብ ጓደኛዋ ጡንቻው ነበር። «የአንቺ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው፤ በደንብ ልገልብጥልሽ» ብሎ ደብተሯን ወሰደ። ጉንፋን ይዟት ሁለት ቀን ተኝታ ስትመለስ፣ ለካስ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ ለካሁ፣ እሷ ገመድ ያዘችልኝ» ብሎ ግልባጩን ለአሰልጣኙ አስረክቧል! አሰልጣኙም ስንጥቁን ቀድሞ የመውጣት ዕድሉን ለእሱ ሰጠው። ብትናገር ብትለፈልፍ «ቀንተሽ ነው» ከመባል በቀር ያተረፈችው የለም። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ደሟ እንደፈላ ነው።

«ምነው ዓይንሽን ተከልሽብኝ?» አላት ጡንቻው።

«እያደነቅኩህ ነዋ።»

«አትቅኚ ባክሽ፣ ተራሽ ይደርሳል።»

አሁንስ አበዛው! እሱ ግን ወደ ገለበጠው ወረቀት ተመልሶ «ትንሿን ጣት እስከ ጥፍሯ ያስገባል» የሚለውን አነበበ፤ ከዚያ የራሱን ትንሽ ጣት ከሽብልቁ ጎን አድርጎ አስተያየ። ሚጢጢ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባት። የለካችው በራሷ ጣት ነው። የእሱ ትንሽ ጣት ደግሞ የእሷን አውራ ጣት ያህላል።

አፏን ብትለጉም በቂ ነው። ወፍራሙ ሽብልቅ ግማሹ ብቻ ይገባል፤ የያዘ ይመስላል፤ ሲረግጡት ይነቀላል። ከስር ደግሞ እንደ መደርደሪያ የወጣ ድንጋይ አለ። ይውደቅ! ግን እግሩ ቢሰበር ሁሉም ያዝንለታል፤ ጀግና ተብሎ ውሸቱም ተዳፍኖ ይቀራል። አንገቱ ቢሆንስ?

አይ፣ በዝምታ አትበቀለውም።

«ጋሼ!» ብላ አሰልጣኙን ጠራች። «እዚህ ወረቀት ላይ ያለችው ትንሿ ጣት የማን እንደሆነች ጡንቻው ይንገረን እስቲ።»

«የኔ ናታ! የማን ልትሆን ነው?» አለ ጡንቻው ፈጠን ብሎ።

አሰልጣኙ ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። የመጀመሪያው ልኬት ቆመው የሚደርሱበት ቦታ ላይ ነው። «ና፣ አስገባና አሳየኝ» አለው።

ጡንቻው ጣቱን ስንጥቁ ላይ ገፋ። አልገባም። አዙሮ ገፋ። አሁንም እምቢ አለው። ሚጢጢ የእሷን ትንሽ ጣት ሰደደች፤ እስከ ጥፍሯ ገብታ ቆመች።

አሰልጣኙ ሁለቱንም ተራ በተራ አየ። «አውልቅና ስጣት» አለ ወደ መታጠቂያው እየጠቆመ።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ! ወፍራሞቹን ሽብልቆች አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መልሳ፣ ቀጠን ያሉትን መረጠች። ጡንቻው ዓይኑ ቀልቶ ተጠጋት።

«ሚጢጢ... ገመዱን ልያዝልሽ? እንደ በፊቱ።»

ትንሽ አሳዘናት፤ ግን ትንሽ ብቻ። የገመዱን ጫፍ ከእጁ ወሰደች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይያዙልኝ» አለችና ወደ ዓለቱ ዞረች።