ባዶው የንፋስ ቦምቦላ

ሳጅን ናዲን ላቡካን ስትደርስ አስተማሪው ሌላንድ ቶርስቢ መኖሪያ ቤት ከተደረገ አንድ አውቶቡስ የኋላ ጎማ ሥር ሞቶ ነበር፤ አጠገቡ ደግሞ የእንዲህ ያሉ አውቶቡሶች ካምፕ የሽንት ቤት ቆሻሻውን የሚደፋበት ጉድጓድ። ሽታው ከሩቅ ይገፋል። ከአጥሩ ወዲያ ግን የካምፑ ጡረተኞች ስልካቸውን ደግነው ይቀርጻሉ፤ አንዱ ሳንድዊቹን እንኳ አላስቀመጠም።

ቶርስቢ የንፋስ ፍሬን ያስተምር ነበር። በዚህ የካናዳ ተራራ ግርጌ፣ ቤቱን ሸጦ በጎማ ላይ የሚኖር ሁሉ ያለ ንፋስ ፍሬን ፈቃድ መንገድ አይወጣም።

አውቶቡሱ የመበለቷ የቨርና ኩዚክ ነው፤ ሌላ ቤት የላትም። ወሬው ፈርዶባታል፦ ከፍሬኑ የንፋስ ቦምቦላ የተጠራቀመ ውሃ የምታፈስበትን ቧንቧ ሳትዘጋ ቀረች፣ ንፋሱ አለቀ፣ ፍሬኑ ለቀቀ፣ ሰው ገደለች። ቧንቧው እውነትም ክፍት ነበር።

«ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ መርሳቴን አልክድም፤ ቧንቧውን ግን ዘግቻለሁ» አለች ቨርና። «ደግሞ ንፋስ ሲያልቅ ፍሬኑ ይይዛል እንጂ አይለቅም። ግን ሁለት ጊዜ ፈተና የወደቀችን ሴት ማን ይሰማል?»

ቶርስቢ ሲሞት በግቢው የነበሩት ሌሎች ሁለት ብቻ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ክሊንት ብራንድቮልድ ሐዘኑን ገልጾ ሰዓቱን አየ። ጡረታ የወጣው የጥርስ ሐኪም አልደር ማልሆል ግን ንግግር አላነሰውም።

«ሴትየዋ ዝንጉ ናት፣ ሳጅን። ንፋስ ከሌለ ፍሬን የለም፤ ይኼ ሕፃን የሚያውቀው ነው። እኔ ፈቃድ ያለኝ ሰው ነኝ።»

ጎታች መኪና መጥቶ አውቶቡሱን ከሬሳው ላይ ሲስብ የኋላ ጎማዎቹ አልዞሩም፤ አፈሩን እየፋቁ ተጎተቱ። ናዲን የፋቁትን መስመር በእግሯ ተከትላ አየችና ሦስቱን እዚያው ጉድጓዱ ዳር ሰበሰበች። ማልሆል አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ።

«ቦምቦላው ባዶ ነው፤ ጎማው ግን ተቆልፏል» አለች። «ንፋሱ የሚሠራው የብረት ሞላውን ገፍቶ ፍሬኑን ለማላቀቅ ነው። ካለቀ ሞላው ይይዛል። ስለዚህ አውቶቡሱ ሲንሸራተት ቦምቦላው ሙሉ ነበር። ቶርስቢ ከኋላ ሳለ አንድ ሰው መሪው ጋ ወጥቶ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ቧንቧውን የከፈተው ከገደለ በኋላ ነው፣ በቨርና ለማላከክ። ፍሬኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ውሸት አይመርጥም። ቨርና ታውቃለች። አንተስ፣ ክሊንት?»

«አውቃለሁ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስትወቀስ እየሰማህ?»

«የትምህርት ቤቱ ስም አለ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«ዶክተሩን ማን ነው ያስተማረው?»

ብራንድቮልድ ማልሆልን ሰረቅ አድርጎ አየው። ከዚያ ራሱን ለማዳን ሁሉንም ዘረገፈው፦ ማልሆል ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ የጎልፍ ጓደኛው ስለሆነ ፈረመለት። ቶርስቢ ደርሶበት ዛሬ ሊያመለክትና ፈቃዱን ሊያስነጥቀው ነበር።

«አንተ ውሻ» አለው ማልሆል በመሐረቡ ውስጥ። «ቢያንስ ይቺን እንኳ ብታስተምረኝ ምን ነበረበት!»

ሁለቱን በአንድ መኪና ጫነቻቸው። ለቨርና ቁልፏን መለሰችላት።

«እንዳትነጂው ግን፤ ፈቃድ የለሽም።»

ቨርና ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀዳች፤ ከደጇ ላይ ደሙን ማጠብ ጀመረች።