የደቡብ በር ገደ ቢስ

«ይሄ ልጅ ከገባ እኔ እወርዳለሁ!»

ራጉኤል ነው እንዲህ ያለው። ከአውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተነስቶ፣ ቢጫና ጥቁር ሻርፑን ግንባሩ ላይ ጠምጥሞ፣ ጣቱን ወደ በሩ ቀስሯል። በሩ ላይ ደግሞ ፍሮምሳ አንድ እግሩን አስገብቶ፣ ሌላውን አስፋልቱ ላይ እንደተወ ቆሟል። እሁድ ጠዋት ነው። የደቡብ በር ደጋፊዎች ከመካኒሳ ተነስተው የሊጉ ጨዋታ ሁሉ ወደሚደረግበት አዳማ ሊሄዱ ሞተሩ ተነስቷል። ሊጉ ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ቀርቶታል፤ ደቡብ በር ከመውረጃው ቀጠና አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ በጥፍሩ ተንጠልጥሏል።

«ምን አደረግኩ?» አለ ፍሮምሳ።

«ምን አላደረግክም! አምስቴ መጣህ፣ አምስቴ ተሸነፍን። ሙድ እየያዝኩብህ አይደለም፣ ሒሳብ ነው።»

ከየወንበሩ ማጉረምረም ተሰማ። ሁሉም አስጨፋሪው ጌቱ ምን እንደሚል ይጠብቃል። ጌቱ በሥራ ቀን የጋራዥ መካኒክ ነው፤ እሁድ እሁድ ግን ስልሳ ሰው በአንድ እጁ የሚያስነሳና የሚያስቀምጥ ትልቅ ሰው ይሆናል። አንገቱን አከከ።

«ፍሮሜ፣ ወንድሜ፣ ዛሬን ብቻ ቅር በቃ» አለው ፊቱን ሳያየው። «ለክለቡ ስትል።» ከዚያም ፍሮምሳ በትከሻው ያነገተውን ከበሮ ተቀበለው።

ፍሮምሳ ከመውረዱ በፊት ወደ ውስጥ ተመለከተ። የፈለገው ኢያቄምን ነበር። ሁለቱ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ኢያቄም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ ምንም ያልተጻፈበትን ስክሪን በጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋ ጀመር። በሩ ሲዘጋ ብቻ ቀና አለ። ፍሮምሳ ሻርፑን ከአንገቱ አውልቆ ጃኬቱ ውስጥ እየከተተ ነበር።

ሌላ ጊዜ በጥንቆላ የሚስቅ ሰው ሁሉ ኳስ ላይ ሲደርስ ራሱ ጠንቋይ ይሆናል። ራጉኤል ክለቡ ለመጨረሻ ጊዜ ካሸነፈ ወዲህ ካልሲውን አላጠበም፣ ለዚህም የአጠገቡ ወንበር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ጌቱ ስታዲየም የሚገባው በግራ እግሩ ነው። ሽንፈት ሲደጋገም ደግሞ አሠልጣኙ ይሰደባል፣ ዳኛው ይሰደባል፤ ስድቡ ሲያልቅ ከመካከል አንድ ገደ ቢስ ይፈለጋል። ዘንድሮ ፍሮምሳ ተገኘ።

ያገኘው ኢያቄም ነው።

ኢያቄም ደብተር አለው። ደቡብ በር በዓመቱ ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ሁሉ፣ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ፣ በአውቶቡሱ እነማን እንደመጡ ሳይቀር ይጽፋል። ክርክር ሲነሳ ትልልቆቹ ሳይቀሩ «ኢያቄምን ጠይቁት» ይላሉ። እሱ ካለ አለቀ። ከዚህ ክብር በላይ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከበሮው። ከጌቱ ጎን ቆሞ ከበሮውን የሚመታው ልጅ የመላው ደጋፊ ልብ ምት ነው። የቀድሞው መቺ ወደ ሐዋሳ ሲሄድ ኢያቄም ተራው የኔ ነው ብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ጠብቋላ!

ግንቦት ውስጥ አንድ ለዜሮ ተሸንፈው ሲመለሱ ግን ጌቱ አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ ከበሮውን ለፍሮምሳ ሰጠው። «የዚህ ልጅ እጅ ምት ያውቃል» አለ በሁሉም ፊት። ፍሮምሳ ክለቡን መደገፍ የጀመረው ከጥር ወዲህ ነው፤ ያውም ይዞት የመጣው ኢያቄም ነበር። ኢያቄም «እንኳን ደስ ያለህ ጀለሴ» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ መስኮቱን ተደግፎ ስልኩን አወጣና የደጋፊዎቹ ቴሌግራም ላይ ጻፈ፦ «ልብ ብላችኋል? ፍሮምሳ የመጣባቸው ጨዋታዎች አምስት። የተሸነፍነው አምስት።»

ውሸት ነበር። ደብተሩ ላይ እንዳለው ፍሮምሳ የመጣው ስድስት ጊዜ ነው፤ በሁለቱ አሸንፈዋል፣ በሁለቱ አቻ ወጥተዋል፣ በሁለቱ ተሸንፈዋል። የቀሩትን ሦስት ሽንፈቶች ሲሸነፉ ፍሮምሳ ቤቱ ነበር። ግን ከስልሳ ሰው መካከል የዛሬ ወር ማን መጥቶ ማን እንደቀረ ማን ያስታውሳል? ራጉኤል የሳቀ ፊት ለጠፈበት፣ ሌላው «ነቄ ነው ልጁ!» አለ። አዳማን ሳይርቁ አርባ ሰው አይቶት ነበር። ፍሮምሳ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፦ «እውነት?» ኢያቄም አልመለሰለትም። ቀልድ ነው፣ ነገ ይረሳል ብሎ ራሱን አሞኘ።

አልተረሳም። እንዲያውም ፍሮምሳን ባወረዱበት በዚያ እሁድ ደቡብ በር አሸነፈ። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አጥቂው ቀጄላ በግንባሩ አገባ። ራጉኤል ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» እያለ የጎረቤቱን ፀጉር ይነጫል። ከበሮውን ኢያቄም ነበር የያዘው፤ ጌቱ መንገድ ላይ «በል እንግዲህ አንተ ያዘው» ብሎ ሰጥቶታል። ሁለት ዓመት የተመኘውን ነገር እየመታ፣ ደስታው ግን አፉ ውስጥ እንደ ኮሶ መረረው። ክለቡ ቢሸነፍ ኖሮ ውሸቱ ይጋለጥ ነበር፤ ማሸነፉ ውሸቱን እውነት አደረገው።

በሚቀጥለው እሁድ ፍሮምሳ ብቻውን በሕዝብ አውቶቡስ አዳማ ሄደ። ሻርፕ ሳያደርግ፣ ጥግ ላይ፣ ከማንም ደጋፊ ርቆ ተቀመጠ። ደቡብ በር ሁለት ለዜሮ እየተመራ ሳለ ራጉኤል አየው።

«ያውና! መጥቷል! ተደብቆ መጥቷል!»

አራት ሆነው ወደ እሱ ወጡ። ጌቱ ጀርባውን ሰጥቶ ሕዝቡን ያስጨፍራል፣ አላያቸውም። ኢያቄም ግን አየ። ፍሮምሳ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ የሆነ ነገር ሲያስረዳቸው አየ፤ አንዱ ደረቱን ሲገፋው፣ በሲሚንቶው ደረጃ ላይ ወደ ኋላ ሲሄድና በግራ እጁ ላይ ሲያርፍ አየ። ጮኋል፤ አፉ ሲከፈት ታይቷል። ድምፁ ግን አልተሰማም። ኢያቄም እየመታ ነበር። ከበሮው ቢቆም ስልሳው ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ይዞራል፣ ጌቱም ይዞራል። ኢያቄም ይህን ያውቃል። እጁ አልቆመም። ሌላ ሰው ፍሮምሳን ደግፎ እስኪያስወጣው ድረስ፣ እንባው እየወረደ፣ መታ።

የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ፍሮምሳ አልነበረም። በአዳማም በአውቶቡሱም አልነበረም። ደቡብ በር አንድ ለዜሮ ተሸነፈና ወረደ። ተጫዋቾቹ ሳሩ ላይ ተዘረሩ፣ ጌቱ ሻርፑን ፊቱ ላይ ጥሎ አለቀሰ። ሲመለሱ አንድም ሰው አልዘፈነም። ኢያቄም፣ አሁንስ ይገባቸዋል፣ ልጁ በሌለበት ወረድን ብለው ያስባሉ ብሎ ጠበቀ። ዱከም ላይ ራጉኤል ዝምታውን ሰበረው።

«ቤቱ ቁጭ ብሎ በቲቪ እያየ ነበራ።»

ማንም አልሳቀም። ከፊት የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰኞ ከሰዓት ኢያቄም ጀሞ ሄደ። ፍሮምሳ ከትምህርት ቤት ከቀረ ስምንት ቀን ሆኖታል፤ ማክሰኞ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይጀምራል። እነፍሮምሳ የሚኖሩት ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ተሸሽጋ በቀረች አሮጌ ግቢ ነው። አካባቢው ሁሉ እርሻ በነበረበት ዘመን የአያቶቹ ነበረች፤ አሁን ሁለት ላሞችና አንድ የድርቆሽ ክምር ቀርተዋታል። እናቱ ወይዘሮ ገዲሴ ለኮንዶሚኒየሙ ሰዎች ወተት ይሸጣሉ።

በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ሳሙት።

«መጣህ ልጄ? ግባ፣ ግባ። እንደው አንተ ብትነግረው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፈተና አልሄድም አለኝ። እጄን አሞኝ ነው እንዳይል የወደቀው በግራው ነው፣ በቀኙ ይጽፋል። እኔ ከገባሁ ክፍሉ ሁሉ ይወድቃል ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ከየት አመጣው?»

ኢያቄም ጓዳውን አልፎ ፍሮምሳ የሚተኛበት ክፍል ገባ። ፍሮምሳ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ግራ እጁ እስከ ክርኑ በጄሶ ታስሯል።

«እዚያው ቁም» አለ ፍሮምሳ። «አትቅረበኝ፣ ነገ ፈተና አለብህ።»

የተቆጣ መስሎት ነበር። ፊቱን ሲያየው ግን ቁጣ የለበትም፤ የምሩን ነው፣ ለኢያቄም አስቦለት ነው። 

«ተው እንጂ ፍሮሜ። ገደ ቢስ ምናምን የፋራ ወሬ ነው።»

«አባቴ ሆስፒታል ሰባት ቀን ተኛ» አለ ፍሮምሳ መሬት መሬቱን እያየ። «ስድስቱን ቀን ልጅ አይገባም ብለው አልወሰዱኝም። እየተሻለው ነበር። በሰባተኛው ቀን አስገቡኝ። ያን ለታ ማታ ሞተ። ድሮ አላሰብኩትም ነበር፤ አሁን ሁሉን ሳገጣጥመው ነው።»

«እሱ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው? በሽታ ነው የገደለው!»

«የኳሱንስ? አንተ ነህ እኮ የጻፍከው። ሌላ ሰው ቢጽፈው ተራ ወሬ እለው ነበር። አንተ ደብተር አለህ።»

ኢያቄም ወደዚህ ሲመጣ ያሰበው «አይዞህ» ብሎ፣ ለፈተናው አበረታቶ፣ ቀለል ብሎት ሊመለስ ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ዋሽቼ ነው» አለ።

ፍሮምሳ ቀና አለ።

«ስድስት ጊዜ ነው የመጣኸው። ሁለቴ አሸንፈናል፣ ሁለቴ አቻ ወጥተናል። ሦስቱን ስንሸነፍ አንተ አልነበርክም። አውቄ ነው የጻፍኩት። ጌቱ ከበሮውን ላንተ ስለሰጠ ቀናሁ።» ዓይኑን ከጄሶው አላነሳም። «ሲገፉህም አይቻለሁ። አይቼ እየመታሁ ነበር።»

ውጭ አንዷ ላም ስታገሳ ተሰማ። ፍሮምሳ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ በጣቱ አፍተለተለ።

«መጋቢት ላይ ሦስት ለአንድ ያሸነፍን ጊዜ» አለ በመጨረሻ፣ «ዝናብ የዘነበ ቀን። እዚያ ነበርኩ አይደል?»

«ነበርክ። ከኔ አጠገብ ነበርክ።»

«እኔም ነበርኩ እል ነበር። አንተ ስትጽፍ ግን የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ። ያላየሁትን ያየሁ መሰለኝ።» ደህናውን እጁን ዓይኖቹ ላይ ጫነ። ሲያወርደው ፊቱ ተለውጦ ነበር። ኢያቄም አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አይቶት አያውቅም። «ነገ ፈተናው በስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

«እሺ። አሁን ውጣልኝ።»

«ፍሮሜ...»

«ውጣ አልኩህ። ክፍል ውስጥም ከኔ ጋር እንዳትቀመጥ።»

ኢያቄም ወጣ። ወይዘሮ ገዲሴ ደጅ ላይ በብርጭቆ ወተት ይዘው ይጠብቁታል። በቀጭኑ በር የልጃቸው ድምፅ ከፍ ሲል ሰምተዋል፣ የተባለውን ሁሉ ግን አልለዩትም። ፊታቸው ላይ ተስፋ አለ።

«ሁለት ተኩል ስትለው ሰማሁ። ሊሄድ ነው አይደል? ሊሄድ ነው! እግዜር ያክብርህ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ከዚያ ሁሉ ጓደኛ አንተ ብቻ መጣህ።» ብርጭቆውን እጁ ላይ አስያዙት። «እንኳንም አንተ አብረኸው ነበርክ። ያቺ ደረጃ ላይ ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው ባይኖር ምን ይሆን ነበር እያልኩ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

በሩ ክፍት ነው። ሦስት እርምጃ ቢሄድ መንገዱ ላይ ይወጣል፣ ታክሲ ይይዛል፣ ምርቃቱም የሱ ሆኖ ይቀራል። ኢያቄም ወተቱን ሳይቀምሰው የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ ገዲሴ፣ እስቲ ይቀመጡ» አለ።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ፍሮምሳ አልወደቀም። ተገፍቶ ነው።»

ወይዘሮ ገዲሴ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው በርጩማውን ፈለጉና ተቀመጡ። ኢያቄምም ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ከግንቦት ጀምሮም ይነግራቸው ጀመር።