ዜሮ ላይ የተቸነከረው ማዞሪያ

ይሄ የሆነው በገዛ ቤቴ ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ኮሪያ፣ ጆንጁ ከተማ ድረስ ይምጣና ልጄን ያናግራት...

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ሳምንት ሆኖታል።

እኔ ለአምፕሊፋየር የእንጨት ማዞሪያ እሠራለሁ። ፕላስቲክ ስጠላ ለጉድ ነው።

የባለቤቴ አባት ሲሞቱ ትተውልን የሄዱት አምፕሊፋየር ግን ሁሌም ያበሽቀኝ ነበር። የድምፅ ማዞሪያው መብረቅ ከመታው ቁርቁራ የተጠረበ፣ የተንጋደደ ነገር ነው። እኛ ጋ መብረቅ የመታው ቁርቁራ ክፉ ነገር ያርቃል ይባላል። ሽማግሌው ደግሞ ዜሮ ላይ በሚስማር ቸንክረውታል።

የማይዞር ማዞሪያ ምን ይሠራል?

አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ገበያ እንደወጡ በጉጠት ነቀልኩት። ለሁለት ተሰነጠቀ።

በእሱ ፋንታ በቶርኖ ያወጣሁትን የዋልነት እንጨት ማዞሪያ ገጠምኩ። ድምፁ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ነጭ ነጥብ አድርጌበታለሁ፤ ዘይት ገና አልቀባሁትም። እንዴት ያምራል መሰላችሁ።

አብርቼ እስከ ግማሽ አዞርኩት።

ዝም...

ከዚያ ስፒከሩ ውስጥ የሆነ ሰው ትንፋሹን ሳበ።

ሬዲዮ አልተሰካበትም። ካሴትም የለውም።

የስድስት ዓመቷ ልጄ ሃሪም አጠገቤ ስዕል እየሣለች ነበር። ቀና ብላ ስፒከሩን አየችው።

«አባዬ... ስሜን እየጠየቀኝ ነው» አለች በሹክሹክታ።

እኔ ምንም አልሰማሁም።

«ማን?»

«ስሜን ነገርኩት እኮ።»

በሩ ተከፈተ። አማቴ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ቆሙ። መጀመሪያ ያዩት ማዞሪያውን ነው።

«መልሰው» አሉኝ።

«እማማ፣ ተሰብሯል እኮ...»

«ልጄ፣ ሽማግሌው ያን የሠራው ለማዳመጥ መሰለህ? እዚያ ውስጥ ያለውን አፉን ሊዘጋው ነው።»

ፈራሁ። ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለስኩት።

ሃሪም ደንግጣ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ማዞሪያው ዝቅ ባለ ቁጥር ለቅሶዋም ዝቅ አለ... ዜሮ ላይ ጠፋ።

አፏ ግን እንደተከፈተ ነው። እንባዋም ይወርዳል።

ቶሎ ብዬ መልሼ አዞርኩት። ለቅሶው መጣ። ያኔ ነው ከየት እንደሚመጣ ያስተዋልኩት።

ከስፒከሩ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አምፕሊፋየሩን አጥፍተነው አናውቅም። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጄ ዲዳ ትሆናለች። ማንም እንዳይነካካው ማዞሪያውን ግማሽ ላይ በሙጫ አጣበቅሁት።

ዛሬ ጠዋት «አባዬ» ስትለኝ ለመስማት ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ።

ሙጫው አልተላቀቀም።

ነጯ ነጥብ ግን ወደ ዜሮ ተጠግታለች... ደረቁ እንጨት ላይ ደግሞ እርጥብ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጣቴን አስጠግቼ ለካሁት። የእኔን እጥፍ ይሆናል።