ከማዕድ የማይነሡባት ምሽት

በ፳፻፲፫ ዓ.ም. ታኅሣሥ ፲፭ ቀን፣ ሐሙስ፣ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፣ ኮሮና የዳላስን ሆስፒታሎች ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷቸው ነበር፤ የዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ሀብቴም ከተኙት አንዱ ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ከበቡሽ ሺፍቷን የሚሸፍንላት አጥታ፣ በዳላስ አጠገብ ባለችው ሳክሲ ከተማ ከምትጦራቸው ስሎቫካዊት ባልቴት ከወይዘሮ አግኔሻ ቤት ዋለች። ወደ ሆስፒታሉ አስታማሚ መግባት ክልክል ነው፤ ነርሷ ግን፣ «ማታ ወደ መተንፈሻ ማሽኑ ሳናስገባው ኮል እናደርግልሻለን፤ ድምፅሽን ይሰማል» ብላታለች።

የመጀመሪያዋ ኮከብ እንደታየች ባልቴቷ በአገራቸው ወግ ማዕዱን አሰናዱ፤ የጠረጴዛውን እግሮች በሰንሰለት አሰሩ፤ ለድንገተኛ እንግዳ ትርፍ ሳሕን አኖሩ፤ በከበቡሽ ግንባር ላይ በማር መስቀል ሠሩ። ስልኳንም ተቀብለው ኮሪደር ላይ አስቀመጡት።

«እራት ሳያልቅ የተነሣ ሰው ከዘመዶቹ አንዱን በዓመቱ ያጣል» አሉ። «መነሣት የተፈቀደው ለቤቱ እመቤት ብቻ ነው።»

«ኦኬ፣ ሚስ አግኔሻ፤ ግን ባለቤቴ ይደውላል…»

«ከጠራ እኔ አመጣልሻለሁ።»

የጎመኑን ሾርባ ሳይጨርሱ ስልኩ ጠራ። ከበቡሽ ብድግ ልትል ስትል፣ ግዝት እየፈራ ያደገ ልቧ ያዛት፤ ብነሣና ሀብቴ ቢሞትስ? ተመልሳ ቁጭ አለች። ባልቴቷ ባለ አራት እግር ምርኩዛቸውን ይዘው መንገድ ጀመሩ፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። እንግዲህ ፍረዱ!

«ኧረ በማርያም፣ ቶሎ ይበሉ!»

«እየሄድኩ አይደል!» አሉ ተቆጥተው።

ኮሪደሩ ጋ ሲደርሱ ስልኩ ዝም አለ።

ባልቴቷ ባመጡላት ስልክ መልሳ ብትደውል፣ የተቀዳ ድምፅ አንድን ተጫኚ፣ ሦስትን ተጫኚ እያለ ሩብ ሰዓት አቆያት። ነርሷ ስትገኝ፣ «ሶሪ፣ አሁን ማሽኑ ላይ ነው፤ አይሰማም» አለቻት። ከበቡሽ ማንን ትስደብ? አሮጊቷን? ራሷን?

ሀብቴ ከሠላሳ ስምንት ቀን በኋላ ድኖ ወጣ። ወይዘሮ አግኔሻ፣ «አየሽ? ስላልተነሣሽ ነው!» አሏት።

«ያን ዕለት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘውልኝ ነበር» አላት ሀብቴ ቤት በገባ በሳምንቱ። «ጠራ፣ ጠራ… የት ሄደሽ ነው?»

«የትም አልሄድኩም። ተቀምጬ ነበር፤ ላንተ ብዬ።»

አልገባውም፤ ደግማ ብታስረዳውም አልገባው።

ታሪክ የዚያን ዓመት ሙታንና የዳኑትን ለይቶ ጽፏል፤ ሀብቴም ከዳኑት ተቈጥሯል። ሚስቱን ጠርቶ መልስ ማጣቱ ግን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም፤ የያዘው እሱ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም።